ገንዘብ ያዥ

ደብተሩ እኔ ጋ ነው፥ ቁልፉም በእኔ ኪስ፤
በወር አንድ እሑድ፥ ከቅዳሴ መልስ፥
ሙዳየ ምጽዋቱን ደጀ ሰላም ዘርግፌ፥
በርበሬና ላብ የሚሸት ብር በጣቴ ዘርግቼ አጥፌ፥
መቶውን ከመቶ፥ አሥሩን ካሥሩ ጋር፥
የተቀደደውን አያይዤ በፕላስተር፥
እቆጥራለሁ።
ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ሳንቲም ጎድሎ አያውቅም።
የጎደለው ሌላ ነው፤ እሱን ኦዲተር አይጠይቅም።

እምነቴ መቼ እንደ ሄደ ቀኑን መዝግቤ አልያዝሁም፤
በር አልደበደብሁ፥ ከማንም አልተጣላሁም።
እንደ ቤት ድመት ነው፤ አንድ ማታ ሳይገባ ቀረ፥
ወተቱ ግን ከሳህኑ እንደ ተቀዳ አደረ።
እስከ ዛሬም እቀዳለሁ።

ዘርትሁን ላሟ ድናላት ጃንጥላ ይዛ መጣች፤
ተንበርክካ፥ ደጃፉን ሦስት ጊዜ ሳመች።
ማክሰኞ ለት ላሚቱን የወጋሁላት እኔ ነኝ፤
መርፌው ከእንስሳት ክሊኒኩ፥ መዝገቡ ላይ የሚገኝ።
«ጃንጥላ፥ ባለ ዘርፍ፥ አንድ» ብዬ ከገቢ ጻፍሁላት፤
እልል ስትል ግን፥ አልዋሽም፥ ቀናሁባት።

አባ ጽጌን በሁዳዴ ለብቻቸው አገኘኋቸው፤
የነፍስ አባቴ ናቸው፥ ሳልደብቅ ነገርኋቸው፦
«አባ፥ ስሰግድ ግንባሬ ብቻ ነው መሬት የሚነካው፤
የቀረሁት እኔ፥ ዳር ቆሜ ነው የማየው።»
ዝም አሉ።
መቋሚያቸውን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወሩ፥ አሳሉ።
ቀኖናዬን ስጠብቅ፥
«የጣራው ነገርስ?» አሉ፤
«ክረምት እኮ ደረሰ» አሉ።

ግንቦት ሲጋመስ ከደሴ ሰማንያ ቅጠል ቆርቆሮ መጣ።
ሙሄ ይማም፥ አናጢው፥ መሰላሉን ተክሎ ወጣ፤
እኔም ምስማር አቀባይ ሆኜ ተከተልሁት፥
የኩታበርን ገበያ ቁልቁል እንደ ሰሌን አየሁት።
አብሮ አደጌ ነው ሙሄ፤ የሆዴን ያውቃል።
መዶሻውን አሳርፎ በእጅጌው ላቡን ይጠርጋል፦
«እኔ የማላምንበትን ቤት ስከድን ውዬ፥
መግሪብ ሲል ወደማምንበት እገባለሁ፥ ቢስሚላህ ብዬ።
አንተስ?
ማታ የት ነው የምትገባ?»
አልመለስሁለትም። አፌ ውስጥ አራት ምስማር ነበረ፤
ደግነቱ፥ ምስማር ነበረ።

ሰኔ ዐሥራ ሁለት፥ ሚካኤል። ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል።
አባቴ ይቆምበት ከነበረው ዓምድ ሥር ነኝ፤
የሱው ጋቢ ጫንቃዬ ላይ ይከብዳል።
ዲያቆኑ፥ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ይላል፤
የተቀመጣችሁ ተነሡ፥ ማለት ነው።
ያመናችሁ አይልም፤ ጆሮዬን አቁሜ ሰምቻለሁ።
ጉልበቴን እያመመኝ ተነሥቻለሁ።
ከግራዬ አንድ የገጠር ሽማግሌ ክንዴን ይዞ ተደገፈ፤
ክብደቱ ሁሉ፥ ከነዘንጉ፥ እኔ ላይ አረፈ።
«እግዚኦ» አለ።
አልሁ።

ከዚያ ጠብ አለ። አንድ ጠብታ፥ አናቴ ላይ።
ቀና ብዬ አየሁ፤ ሙሄን ለምኜ
እኔ የመታኋት አንዷ ምስማር ናት፥ ከማገሩ ላይ፥
ጎማዋ ተጣሞ።
ሕዝቡ ሲበተን ደብተሩን ገለጥሁ፤ ከወጪው ዓምድ፦
«የቆርቆሮ ምስማር፥ ባለ ጎማ፥ አንድ።»