ደፍ

«ላንድ ሰው አንድ ፎቶ፣ ሌላ የለም» ብለው
ሠላሳ አራት ጉርድ በፖስታ ጠቅልለው
ሰጡኝ በክላክስቪክ፣ በዓሣው ፋብሪካ፣
ዓይን እንድሠራ ለበር፣ ቁልፍ የሚተካ።

መንታ ነው ማሽኔ፤ ባንድ ሚዛን ያያል፤
አንደኛው የጥንቱን፣ አንደኛው የዛሬን ፊት ያነባል፤
በመሃል ያለውን ርቀት ይለካል።
ካነሰ ይከፍታል፤
ከበዛ ይዘጋል።
የወሰኗን ቁጥር ደፍ ብዬ ጠራኋት፣
ዜሮ ነጥብ ስድስት ላይ፣ ከበሩ ሥር ተከልኋት።

ከደሴቲቱ ሰው ማንንም አያውቅም፤
ያስተማርኩት በባዕድ ፊት ነው፤ የማንም
ስም አልነገርኩትም። ሦስት ሦስት እያረግሁ፣
ያንድ ሰው ሁለት ምስል፣ የሌላ ሰው አንድ እያቀረብሁ፣
«እኒህን አቀራርብ፣ ያንን ወዲያ ግፋ»፤
ክረምቱ በዚህ ዐለፈ፣ መስኮቴ ላይ ሲያካፋ።

ሰኞ ንጋት ሳማል መጣ፣ ቦት ጫማው እንደረጠበ፤
በሩ አየው፣
አሰበ፣
አንድ ነጥብ አንድ ቆጠረ። ዘጋበት።
ፎቶው ሃያ ሰባት ዓመቱ፤ ጥቁር ጢም፣ ሙሉ ጉንጭ አለበት፤
የቆመው የተላጨ ነው፣ ጨውና ንፋስ የበላው፤
ፊቱ ከፊቱ ፊት ርቆ፣ የገዛ መልኩ ከለከለው።

ምሳ ዕቃ ረስቶ ነበርና፣ ልጁ አይዱን ከኋላ ደርሶ
ሊያቀብለው ጠጋ ሲል፣ ዜሮ ነጥብ ሦስት። ተከፈተ በሩ መልሶ፤
ስክሪኑም ጻፈ፦ «እንኳን ደህና መጣህ፣ ሳማል።»
ከዓሣ መክተፊያው ሳቅ ፈነዳ፤ ማንስ ይችላል።

«ታዲያ የሌሊቱን ተራ እሱ ይግባልኝ» አለ ሳማል፤
ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ፦
«ዕዳዬንም ይውሰድ፣ መልኬን ከወሰደ አይቀር።»

እኔ አፈርኩ። ደፉን ባሰፋው ሳማል ይገባል፤
ከሱ ጋር አጎቱ፣
ያጎቱ ልጅ፣ ያክስቱ የልጅ ልጅ፣
ግማሽ ደሴቱ።

ስለዚህ ከማቀዝቀዣው ነጭ ግድግዳ አስጠግቼ ሁለተኛ አነሳሁት።
«አሮጌውን ልሰርዘው?» አልኩት።
«ተይው» አለ፤ «እሱም እዚሁ ነው የሠራው።»

ሁለቱን ደመርኩ፤ ለሁለት አካፈልኩ። መሃል ላይ
አንድ ሰው ቆመ፣ ካሜራ ያላየው፣
ጢሙ ገና ሊሸብት ሲል።
«የትኛው ዓመት ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ ሳማል።
ማሽኑ ዓመት አያውቅም። እኔም ያኔ አልነበርኩም።

ማክሰኞ አይዱን ሊቀልድ ሞከረ፤
ዜሮ ነጥብ ስድስት ሦስት። ደጅ ቀረ።
አባትየው ተጠጋ፤ ዜሮ ነጥብ አምስት አምስት፣ ለጥቂት፤
ተከፈተ።
እንደ ልማዱ፣ ደፉ ላይ ጫማውን ጠረገና ገባ።