መብራት ሲሄድ

ካዛንቺስ ጨለመ፣ መብራት ሄደ ደግሞ፤
ጄኔሬተሩ ሳለ፣ ተነሣ አዝግሞ።
ከፈረሰው ሰፈር፣ አንድ ውሻ ይጮኻል፤
ሰዎቹ ተነሥተው፣ የሌለ በር ይጠብቃል።
ከዜሮ በታች ዐሥር፣ ብርዱ እንዳይል ፈቀቅ፣
እኔም ካፖርት ደርቤ፣ ቆምኩ መርፌ ስጠብቅ።

መደርደሪያው ሙሉ፣ ብርማ ፖስታ ነው፤
ላዩ ቁጥር ብቻ፣ ስሙን ማን ሊያየው።
አንዱ ውስጥ ግን አለች፣ በእርሳስ የተጻፈች፣
ብጣሽ ወረቀት፣ ወይባ የቆየች፦
«ወተት በጉንጬ። ሰጪው ይመር አደም።
ከጎታ የቀረው፣ ይኸው ነው፣ ሌላ የለም።
ጥቅምት፣ ሰባ ሰባት።»

ያን ቀን ስንት አፍ ነበር
ከጎታው ዙሪያ?
ፖስታው አይናገር።

ትናንት ዘሐራ መጣች፣ የልጁ ልጅ ናት፤
ከደላንታ ድረስ፣ አቧራው ሳይለቃት።
«ምርጥ ዘር ሰጥተውናል፤ አይታማም፣ ያድጋል፤
ብቻ እሸቱ ሲበላ፣ ውሃ ውሃ ይላል።»

ሃምሳ ፍሬ ቆጥሬ፣ መዳፏ ላይ አኖርኩ፤
አስፈረምኳት።
አንዷን ቀስ ብላ፣ ወደ ጉንጯ ስትልክ
አየሁ።
መዝገቡ ላይ ግን «ሃምሳ ሰጠሁ» አልኩ።