የዓሣው ታችኛው ጎን

ሼንጃመን ወደብ ላይ፣ ከበረዶ ቤቱ ጀርባ፣ አንድ ሕንፃ አለ፤
ደረጃው ዓሣ ዓሣ የሚል፣ ግድግዳው ያላበው፣ መብራቱ የዛለ።
ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ፣
ባንድ እጄ ብርቱካን፣ በሌላው ዣንጥላ፤
ሽማግሌው ዦንግፋ "ደህና ነህ?" አላለኝ፣
"በላህ ወይ?" አለኝ እንጂ፣ ቆሞ ከበር ኋላ።
"በልቻለሁ" አልኩት፤ ይሉኝታ ነው እንዲህ የሚያናግረኝ፤
እንደ ቀልድ ቆጥሮት፣
ከበሩ ትይዩ፣ ለክቡር በሚተው ወንበር ላይ ጣለኝ።

እኔ የሞተር ጠጋኝ፣
ባሕርን በካርታ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ የማውቅ ሰው ነበርኩ፤
ከጀልባቸው ሆድ ዕቃ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ዘይት ስለብስ ከረምኩ።
ሒሳቤን ከፍለዋል፤ እራቱ ግን ሌላ ነው፣ የምስጋና ዕዳ፤
እንዲህ ነው የሆንኩት የዚህ ቤት እንግዳ።

ገበታው ክብ ነው፤ መሐሉ ላይ መስተዋት ይዞራል፣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ፤
ሁሉም በፊቴ ያልፋል፣
ሸርጣን በዝንጅብል፣ የባሕር አረም ቶፉ ላይ።
የቀርከሃ እንጨቶቼ ላይታረቁ የተማማሉ ናቸው፤
አንዱ ሲነሣ ሌላው ይተኛል፣ አልሆንኩም ሽማግሌያቸው።
አንዲት ኦቾሎኒ ገበታውን ሙሉ ሳሳድድ አይታ፣
የልጃቸው ልጅ ሩዪ፣ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ወደቀች ስቃ ስቃ፤
ከዚያ መጣችና ጣቶቼን፣ አንድ ባንድ፣
እንደ ሸማኔ ክር፣ ቦታ ቦታ አስያዘች።

ሳህኔን ሳጸዳው "ጠገብኩ" ማለቴ ነበር፣ በእኔ ቤት፤
ሱሊ ግን፣ የሽማግሌው ሚስት፣
ባዶ ሳህን ስታይ የረሃብ አቤቱታ መሰላት።
ሞላች። ጨረስኩ።
ሞላች። ጨረስኩ። ደግማ ሞላች።
"ትንሽ አስቀር" አለችኝ ሩዪ በጆሮዬ፣ "ያኔ ትተውሃለች።"

ከዚያ ዓሣው መጣ፤
ቢጫ፣ ሙሉ፣ ዓይኑ ያልተከደነ፣ በሽንኩርት ተሸልሞ፤
ጭንቅላቱን ወደ እኔ አዞሩት፤
እንግዳ ነኛ! ማን ይቅደመኝ ደግሞ?
አንድ ጎኑ አለቀ።
አጥንቱ ብቅ አለ፣ ነጭ፣ እንደ ማበጠሪያ፤
እኔም ልርዳ ብዬ፣
በአዲሱ ሙያዬ ትንሽ ልኩራ ብዬ፣
ገለበጥኩት ዓሣውን።

ዝም።
መስተዋቱ ቆመ። የዦንግፋ ጽዋ ከከንፈሩ ሳይደርስ ቆመ።
ማድቤት ውስጥ ብቻ፣ የሩዙ ድስት፣ ክዳኑን እየመታ አጉረመረመ።
የሱሊ ዓይን ሄደ፣ እኔን አልፎ፣ በመስኮቱ፣ ወደ ጨለማው፤
ሃይቦ፣ ልጇ፣ እዚያ ነው።
አሥራ አንድ ቀን ሆነው፤
ሞተሩንም የፈታሁት፣ የገጠምኩት፣ እኔ ነኝ።
ማንም አልተቆጣኝ። ማንም አልነገረኝ።
ሩዪ ብቻ መዳፏን ዘርግታ
ገበታው ጫፍ ላይ በቀስታ አንሳፈፈችው፤
ከዚያ ገለበጠችው።

ሱሊ ብድግ አለች፤
ዓሣውን በሁለት እንጨት መልሳ አቃናችው።
(ሁለቴ የተገለበጠ ይድናል? አልጠየቅሁም።)
የጉንጩን ሥጋ፣ ጣት የማታህለውን፣
ከሩዜ ላይ አስቀመጠች፤
"ብላ" አለች።
እንዴት እንደዋጥኩት እንጃ።

ሌሊቱን አልተኛሁም፤
ያጠበቅሁትን ብሎን ስቆጥር፣ ካንዱ ወዳንዱ ስሄድ፣
አሥራ ሰባተኛው ላይ እጄ ሲጠራጠር፣
እንደገና ከአንድ ስነሣ፣
ነጋ።

በአራተኛው ቀን ጀልባዋ ገባች፣ ዝገቷን አዝላ፣ ወፍ አስከትላ፤
ሃይቦ ወረደ፣ ጢሙ አድጎ፣ ጨው ለብሶ፤ ሞተሩን ብጠይቀው
"ያንኮራፋል፣ እንደ አባቴ" አለኝ፤ ሳቀ፤ "በላህ?" አለ ቀጥሎ።

በዚያው ገበታ፣ በዚያው መስተዋት፣ ሌላ ዓሣ ቀርቦ፣
ላዩ ሲያልቅ አጥንቱን ከጅራቱ ይዞ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳበው ሃይቦ፤
እንደ ክዳን ተነሣ፤
ታችኛው ጎን ተኝቶ ነበር፣ ሳይነካ፣ በመረቁ ውስጥ፣ ሞቅ እንዳለ።

በላሁ፤ ጠገብኩም።
ትምህርቴን አልረሳሁም፦
ትንሽ ሩዝ አስቀረሁ፣ ሁሉም እንዲያዩት፣ ከሳህኔ ጥግ።
ሱሊ አየችው።
"አልጣፈጠህም?" አለች፤
ሞላችው።