ተገኘ፣ ቁልፍ ሠሪው

ቂርያት ጋት፣ ከገበያው ኋላ፣ ከጫማ ሰፊው ጎን፣
ሱቁ የክብሪት ቀፎ፣ ደጃፉ ሁለት ክንድ የማይሆን፣
አንድ ቁልፍ ሠሪ አለ፤ ስሙን ተገኘ አሉት፤
ሃያ ዓመት ሠራ፣ ከሰፈሩ ሰው በቀር ሳያገኙት።

“ጻፊልኝ” አለኝ አንድ እሑድ፣ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ፣
“ሰው ስልኩን ሲጎረጉር እኔን ብሎ እንዲፈልግ።
ዋጋሽን እከፍላለሁ፤ ብቻ አደራ፣ አደራ፣
የጻፍሽው ነገር ሁሉ ወደ እኔ በር ይጣራ።”

ጻፍኩለት፤ እንዴት ያለ! ከመስመር ወደ መስመር ሳልፍ፣
ቁልፍ ሠሪ በቂርያት ጋት፣ የቂርያት ጋት ቁልፍ፣
ርካሽ ቁልፍ፣ ፈጣን ቁልፍ፣ ቁልፍ በቁልፍ ላይ ስቆልል፤
(ጨው የለመደ እጅ እንዲህ ነው፣ ሳይቀምስ ይጨምራል።)
ሦስት ሌሊት ፈጀሁበት፤ አርባ አርእስት፣ ገጹም አርባ፣
ያው አንዱ ሰው አርባ ቆብ እየቀያየረ ሲገባ።
ስልኩ ግን እንደ ድሮው ነው። ከሱቁ የሚሰማው ሞረድ፣
የናሱ ብናኝ ከጠረጴዛው ወደ መሬት ሲወርድ።

ያን ጊዜ ነው ወንበር ስቤ ከስልኩ ጎን የተቀመጥኩ፤
ደብተር ይዤ፣ ጆሮ ሆኜ፣ የደዋዩን ቃል የለቀምኩ።
አንዷ፦ “ልጄ ውስጥ ቀርቶ ነፋስ በሩን ዘጋብኝ!”
ሌላው በሩሲያ ቅላጼ፦ “ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ ተሰበረብኝ።”
አንድ ወታደር ከባቡር ጣቢያ፣ ሻንጣው ትከሻው ላይ፦
“እናቴ ተኝታለች፤ ሳልቀሰቅሳት ትመጣለህ ወይ?”
አንዲት ባልቴት ግን በአማርኛ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦
“ቤቴ እንቢ አለኝ፣ ልጄ፤ ደረጃው ላይ ነኝ፣ ሌሊቱም አልነጋ።”

አንድም ሰው “አስተማማኝ” አላለም፣ አንድም “የሙያ አገልግሎት”፤
በሙያው ስም አይጣራም ሰው፤ የሚጣራው በጭንቀት።

ማታ ቃሎቹን ዘረጋሁ፣ እንደ ምስር አበጠርኩ፤
አቻውን ከአቻው አጋባሁ፣ እንክርዳዱን አራገፍኩ።
“ተሰበረ”፣ “ተቆረጠ”፣ “ጥርሱ ቀረ”፦ አንድ ቤት፤
“ተዘጋብኝ”፣ “ረሳሁት”፣ “ውስጥ ነው”፦ ሌላ ቤት፤
አርባው ወደ ሰባት ወረደ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ጽሑፍ፣
ቃሉም ከአርእስቱ ላይ አንዴ፣ ከመሐል አንዴ ብቅ ብሎ ይለፍ፤
የቀረው የነገሩ ነው፦ ስንት ደቂቃ፣ ስንት ሼቀል፣
በሩ ሳይሰበር ይከፈት እንደሆን፣ ቅዳሜ ማታ ማን ይቀበል።
በሁለት ሰዓት ጨረስኩ። አሥር ጊዜ አነበብኩት ብዬ አልዋሽም፤
ዓርብ ጠዋት ነበር፤ የሰንበት ድስት ገና እሳት አልነካም።

አንድ ቃል በደብተሩ ቀረ፤ ያ የባልቴቷ አነጋገር፤
የፍለጋው ቆጣሪ ዘንድ ብወስደው፦ ዜሮ። በወር፣ በዓመት፣ በአገር።
ሙያዬ “ጣይው” አለኝ። ጣቴ ግን አልታዘዘም፤
ከሰባተኛው ገጽ ግርጌ ጻፍኩት። ማንንም አይጎዳም።

ወር አለፈ። ስልኩ ሞቀ፤ ተገኘም ረዳት ቀጠረ፣
ሥራውን ከመልመዱ በፊት ማፏጨት የጀመረ።

ከዚያ ነው በአንድ ዝናባም ማታ፣ ከአራተኛው ፎቅ ደጃፌ፣
ቆሻሻ ልጥል ብወጣ፣ በሩ ድርግም፤ ውስጥ ቀረ ቁልፌ።
በነጠላ ጫማ ቆሜ፣ የስልኬ ባትሪ ሁለት በመቶ፣
ሰባቱ ቃሌ በሙሉ ከራሴ ውስጥ ብን ብሎ ጠፍቶ፣
አውራ ጣቴ የጻፈው፣ እኔ ሳልመክርበት፣
“ቤቴ እንቢ አለኝ” ነበር፣ በዝናብ በራሰው መስታወት።

አንድ መልስ ብቻ መጣ።
ተገኘ።

በአሥራ ሰባት ደቂቃ ደረሰ። አልሳቀም። በሩን ዳሰሰው፣
አንዲት ቀጭን ብረት አስገብቶ፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠው።
ከፈተው።
“ራስሽ እንደጻፍሽው” አለኝ፣ “የማታ ዋጋ እጥፍ ነው።”

ከፈልኩ። ደረሰኝ ቆረጠልኝ፤ “የሥራው ዓይነት” ከሚለው ፊት፣
በዚያ ናስ በለመደ እጁ፦ “እንቢ ያለ ቤት።”