የጠፋችው ጓንት

ታርቱ ላይ፣ በኅዳር፣ ገና በማለዳ፣
ብርሃን ሲያመነታ እንደ አዲስ እንግዳ፣
ታቪ የሚባለው፣ የስድስት ዓመት ልጅ፣
ካፖርት መስቀያው ስር፣ የዝምታው ወዳጅ፣
ሌሎች ሲዘምሩ ከንፈሩን ገጥሞ
አዝራር ይቆጥራል፣ ከጥጉ ላይ ቆሞ።

መምህርቷ ሄሊ «ዝፈን» አላለችም፣
በሰው ፊት አቁማ አላሳቀቀችም።
«ታቪ፣ አንተ ደብቃት» አለች፣ ጓንት ሰጥታ፤
ቀይ ጓንት፣ የሱፍ፣ አውራ ጣቷ ተፈትታ።
«ፒሬት ዓይኗን ታስራ ጓንቷን ስትፈልግ፣
እንደ ንብ «እምም» እንበል፣ ከንፈር ገጥመን በወግ፤
ስትርቅ ቀስ አርገን፣ ስትቀርብ ከፍ፣ ከፍ፤
ቃል የለም፣ ግጥም የለም፣ የሚሳሳትም አፍ።»

ግን ጓንቷ የት እንዳለች ከእሱ ሌላ ማን ያውቃል?
መንጋው ሁሉ በግምት ያጉረመርማል፣ ይሳሳታል።
ፒሬት ወንበር መታች፣ ወደ በሩ ዞረች፣
ወደ ሰማያዊው ኮት እጇን ዘረጋች፤
እጅጌው ጫፍ ደርሳ፣ ልትመለስ ስትል፣
«እምምም…» አለ አንድ ድምፅ፣
የቀጠነ ፈትል።

ልጆቹ ያዙትና ፈትሉን ጎተቱ፣
አደገ፣ ወፈረ፣ ሞላ እስከ መስኮቱ።

ሄሊ እንዳልሰማ ሰው አቀርቅራ ቀረች፣
ፒያኖው ስር ጎንበስ፣ ጫማዋን አሰረች።
እጁ ላይ ወፍ ያረፈበት ማን ያጨበጭባል?

እኔ፣ በር ላይ ያለሁ፣ የክፍሉ ረዳት፣
«ድምፅሽ ሻካራ ነው» የተባልሁ በልጅነት፣
ያን ዕለት ማታ፣ አውቶቡስ ስጠብቅ በውርጭ፣
ግራ ቀኝ አየሁና
«እምም» አልሁ፣ በሻርፔ ውስጥ።