ምን ይታይሻል?

የመጀመሪያው ሥሪት ሲከፈት «እንኳን ደህና መጡ» ይል ነበረ፤
ስድስት ቀስት በስድስት ገጽ፣ እንደ ወታደር እየደረደረ።
ቀስቱን ሁሉ የሣልሁት ሽንብጥ፣ በተከራየሁት ቤቴ፣
ዓሣ ሳልመዝን፣ መረብ ሳልነካ በሕይወቴ።

ጠዋት ወደ ሐይቁ ወረድሁ፣ ማኅበሩ ከሚረከብበት፣
ጀልባ ከጀልባ ተፋፍጎ፣ እምቦጩ ዳሩን ከያዘበት።
እትዬ ጥሩዓለም ስልኳን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ፣
የቆሮሶውን ቅርፊት ከጣቷ በቀሚሷ ጠርጋ፣ አራግፋ፣
የዕለቱን ሃያ ሁለት ኪሎ በአውራ ጣቷ ቆጥራ ሞልታ፣
አንዲት ቁልፍ ስትቀራት፣ ልትልከው ተዘጋጅታ፣
ቀስቴ ብቅ አለ፤ ፈገግ ብሎ።
«ደረጃ አንድ፦ ወደ መነሻው ገጽ ይመለሱ» አላት።
እሺ ብላ ተመለሰች። ሃያ ሁለቱ ኪሎ ጠፋባት።

ቢላዋዋን በድንጋይ እያፋጨች፣ ቀና ሳትል፣
«ይኸ ሰውዬ ምን ሆነ? ገበያ ደርሼ ‹ከቤትሽ ተነሺ› ይላል!»

ሰውዬው እኔ እንደሆንሁ
አልነገርኋትም።

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጥፋቴን ስቆጥር፣
አንሙት፣ ባለሞተሩ፣ ገመድ ሲፈታ፣ ገመድ ሲቋጥር፣
ስልኩን በትከሻው ጆሮው ላይ ወትፎ ይጮኻል፤
ከደብረ ታቦር የመጣ ዓሣ ገዢ መንገድ ጠፍቶታል።
«የት ነህ?… መናኸሪያውን ተወው፣ ከዚያማ ወጥተሃል፤
አሁን በል፣ አሁን ከፊትህ ምን ይታይሃል?»
«ዘንባባ።» «ባሕር ዳር ሁሉ ዘንባባ ነው! ሌላስ?»
«ጎማ የሚለጥፍ ልጅ።» «በቃ፣ አገኘሁህ። እንዳትመለስ!
ልጁን በግራህ ጥለህ ና፤ ትንሽ እንደሄድህ
ሽታው ይረከብሃል፤ ስልኩን ዝጋው፣ ይብቃህ።»

እኔም ስንቱን ሰው በስልክ እንዲህ መርቼ፣
ቀስት ስሥል ረሳሁት፤ ሳልጠይቅ አውርቼ።

ማታ ስድስቱን አጠፋሁ። «እንኳን ደህና መጡ»ም ሄደች።
የተጻፈውን ዓይታ የምትናገር አንዲት መስመር ተተካች፦
«ሃያ ሁለት ኪሎ ሞልተዋል። የቀረው መላክ ነው።»

ቀላል መሰለኝ። አልነበረም።
ጣቷ ዐሥር ሰከንድ ቢቆም፣ ጠፍታ ነው? ወይስ ከገዢ ጋር በዋጋ ተያይዛ?
ኔትወርክ ሄዶባት ነው? ወይስ ዝንብ ስታባርር፣ ስልኩን በእርጥብ እጇ ይዛ?
አንሙትን ጠየቅሁት፦ «ጉም ሐይቁን ሲደፍነው፣
ደሴቱ ሁሉ ሲሰወር፣ ምን ታደርጋለህ?»
«ሞተር አጠፋለሁ።»
«ከዚያስ?»
«እሰማለሁ።»

እኔም ቀስቴን ዝም አሰኘሁት፤ ካልጠራችው እንዳይመጣ።
በሳምንቱ ሁለተኛውን ሥሪት ይዤ፣ ፀሐይ ገና ስትወጣ፣
ወረድሁ። ሞላች። ላከች። ቀና እንኳ አላለችም።
«ያ ሰውዬ የለም ዛሬ?»
«የለም።»
«እሰይ። ነፍስ ይማር።»

ከዚያ ግን ከቅርጫቱ ሥር አንድ ጢማም ዓምባዛ አወጣች፣
«ይኸስ የት ይጻፋል?» ብላ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋች።
ለዓምባዛ ገጽ አልነበረኝም።
አፌ «መጀመሪያ…» ሊል ተከፈተ። መለስሁት።
ጎንበስ ብዬ፣ «እትዬ፣ አሁን ከፊትሽ ምን ይታይሻል?» አልኋት።

«አንቺ ነሻ» አለች፣ «ብርሃኑን ከልለሽ የቆምሽ።
ፈቀቅ በይልኝ።»

ፈቀቅ አልሁ።