ባለፉት ሰባት ቀናት

ዓባይ ማዶ፣ ከድልድዩ ጫፍ፣ ጭጋጉ ሳይለቅ፣
አካፋ ተደግፎ ሰው ሰውን ሲጠብቅ፣
ደረስኩ፤ በእጄ ታብሌት፣ አንገቴ ላይ መታወቂያ።
ከበቡኝ። "ስንት ሰው ነው? የቀን ነው የኮንትራት? ምሳስ አለው?"
"ሥራ አይደለም" አልኩ፤ "ስለ ሥራ ጥያቄ ነው።"
ግማሹ ወዲያው ሄደ።
ግማሹ፣ የጥያቄው ጅራት ሥራ ይጎትት ይሆናል ብሎ፣
ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ፣ አካፋውን ጭኑ ላይ ጥሎ።

አንሙት ይባላል፤ ሃያ አንድ ዓመቱ፤ አገሩ ይስማላ።
የአባቱ መሬት ሦስት ቃዳ፣ ወንድማማቹ አምስት፤
ማካፈልን እስከ ስምንተኛ ተምሯል፣
ቀሪው እሱ መሆኑን ያውቃል።

ጥያቄ አራት፦ ባለፉት ሰባት ቀናት፣
ለክፍያ ሠርተዋል ወይ፣ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት?
"አንድ ሰዓት?" ሳቀ። "አንድ ሰዓት የሚያሠራ ማን አለ?
ማክሰኞ ሲሚንቶ ሳወርድ መሸብኝ።
ሐሙስ እምቦጭ ነቀልኩ፣ ጣና እስከ ደረቴ፤
እይው፣ አልቅት የበላውን ባቴን።
ገንዘቡን 'ቅዳሜ ደውል' አለኝ ሰውየው።
ቅዳሜ ደወልኩ፤ ስልኩን ዘጋው።
ይኼ ሠርቻለሁ ይባላል? አንቺው ፍረጂኝ።"
ታብሌቱ የሚያውቀው "አዎ" እና "አይ" ነው።
"አዎ"ን ነካሁ።
አረንጓዴ በራ።
አንሙት ሥራ አለው።

ከሰዓት፣ ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ ማራገፊያው ዘንድ፣
ባንቺአምላክ ቆሮሶ ትበልታለች።
ቅርፊቱ ክንዷ ላይ ደርቆ ያብለጨልጫል፤
ብር በክንዷ ሞልቷል፣ ከኪሷ ጠፍቷል።
ጥያቄ አሥራ አንድ፦ አግባብ ያለው ሥራ ለእርስዎ ምንድን ነው?
ሀ፣ ደመወዝ። ለ፣ ዋስትና። ሐ፣ ጤና። መ፣ ሌላ፤ ይጠቀስ።
"አግባብ?" ቢላዋዋን አስቀመጠች።
"ሆቴል ሠርቻለሁ፣ ሦስት ወር፣ አልጋ ሳነጥፍ።
የሠራተኛው ሽንት ቤት ከውስጥ አይቆለፍም፤
ስገባ በአንድ እጄ በሩን እይዛለሁ።
አንዳንድ ማታ፣ ከውጭ የሚገፋ አለ።"
ዝም አለች። ይብራዎቹ አንጀቱን ይሻማሉ።
"እሱን ጻፊልኝ፤ ከውስጥ የሚቆለፍ በር።"

"መ"ን ነካሁና ጻፍኩ፤ አሥራ አንድ ፊደል ነው።
ሳጥኑ አሥር ብቻ ነው የሚይዘው፤
ከውስጥ የሚቆለፍ በ፣
ብሎ ቆመ።
እዚህም አልተዘጋላት።

አሥራ አራት ቀበሌ፣ ብረት በያጁ ጋሽ ልየው፣
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፦ "ሰው? ሁለት እፈልጋለሁ፣ ዛሬውኑ።"
"እንግዲያው ይቀጥራሉ?"
"ምን በወጣኝ!
ዓመት ሙሉ እጁን ይዤ አስተምሬው፣
ፊት ለፊቴ ይከፍትና ዋጋ ይሰብርብኛል፤
የገጠር ልጅ ደግሞ ለአዝመራ ይሄድብኛል።"
ክፍት የሥራ ቦታ፦ ሁለት። የመቅጠር ዕቅድ፦ የለም።
ከኋላው የተሠሩ በሮች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤
ቆጠርኳቸው፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፤
ዘጠኝ ናቸው፤
ሁሉም መቀርቀሪያ አላቸው።

ማታ ሽምብጥ፣ በተከራየሁት ክፍል፣
ሁለት መቶ አሥር ቅጽ ላክሁ፣ ኔትወርኩ እየቆየ ሲመጣ።
አዲስ አበባ ያለው አለቃዬ "ጥሩ መረጃ ነው" ብሎ ጻፈልኝ፤
አክሎም፦ የእኔ ውል ዓርብ ያበቃል፤ ታብሌቱ ከነቻርጀሩ ይመለስ።
እናቴ ደወለች። "ሥራው እንዴት ነው?"
"ደኅና ነው" አልኳት።
ደኅና ሀም፣ ለም፣ ሐም አይደለም።

ዓርብ ታብሌቱን መለስኩ፤ መታወቂያውን ረሱት፤
እስካሁን በሩ ላይ ተንጠልጥሏል።
ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ፤ የማላውቀው ቁጥር።
"እኅቴ፣ አንሙት ነኝ፤ ያ የድልድዩ።
ያ የጠየቅሽኝ ሥራ... ተገኘ ወይ?"

ቅዳሜ ነው።
የምለው ነገር የለኝም፤
ስልኩን ግን አልዘጋሁትም።